ቀይ ቀለም የተቀባች ብሎን

ሱቄን ያስረከብኩት ባለፈው መስከረም ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ጡረታ ወጣሁ» እላለሁ። ነጋዴ ጡረታ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን «ደንበኛ መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል» ከማለት ይሻላል። ከበሩ በላይ «ሙዚቃ ቤት» ብዬ ካስጻፍኩት ውስጥ «ሙዚቃ» የሚለውን ፀሐይ በልቶት «ቤት» ብቻ ቀርቶ ነበር። በመጨረሻ በመጨረሻ የሚከራይ ክፍል አለ ወይ እያሉ የሚገቡ ነበሩ።

ዕቃው ሁሉ ተሸጠ። ስፒከሮቹን አንድ ጸሎት ቤት ወሰዳቸው፤ መደርደሪያውን ጫማ ነጋዴ ገዛው፤ ሁለት ካርቶን ካሴት ደግሞ አንድ ሎጅ ለግድግዳ ጌጥ ብሎ ጫነው። ያልሸጥኩት አንድ ቴፕ ብቻ ነው። ከጀርባው፣ ሞተሩ ላይ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም የተቀባች ትንሽ ብሎን አለችው። ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፍ ሲሉኝ መጀመሪያ የታየችኝ እሷ ናት።

ጂንካ የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት መርካቶ ውስጥ ካሴት በካርቶን ይዤ እየዞርኩ እሸጥ ነበር። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ነው፤ የቀረውን መርካቶ አስተምራኛለች፣ ያውም ሳታሳልፍ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ጂንካ አንድ ሙዚቃ ቤት የላትም» ሲለኝ፣ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ካሴት ይዤ ከጭነቱ ላይ ወጣሁ። ለምን እንደሌላት ግን አልጠየቅኩትም። መብራት እንደ ልብ እንዳልነበረ የገባኝ ከደረስኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቁጭ ብዬ አልሸጥኩም። በገበያ ቀን ቀይ አፈር፣ ከዚያ ዲመካ፣ ከዚያ ኦሞራቴ እወርዳለሁ። ኦሞራቴ ፀሐዩ ካሴት ያጎብጣል፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከአግዳሚ ሥር ማኖር የተማርኩት አርባ ካሴት ከከሰርኩ በኋላ ነው። አንድ የዳሰነች ዓሣ ነጋዴ አይረሳኝም። ካሴቱን ከመግዛቱ በፊት እስከ መጨረሻው ካልሰማሁ አለኝ።

«ሙሉውን ከሰማኸው ለምን ትገዛዋለህ?» አልኩት።

«ሙሉውን ሳልሰማ ለምን እገዛዋለሁ?» አለኝ።

ሁለቱንም ገጽ ሰማ። ገዛም። ከዚያ በኋላ ስለ ንግድ የነበረኝን ትምክህት ትንሽ ቀነስኩ፤ ሁሉንም እንዳልቀነስኩ ግን ወደ ኋላ ይታያል።

ጂንካ ላይ ሥራ ያስተማረኝ ጋሽ ምናሴ ነው። ከአውሮፕላን ሜዳው አጥር ማዶ አንዲት የሬዲዮ መጠገኛ ነበረችው። ልጅነቱን አስመራ፣ አንድ ጣሊያን መጠገኛ ውስጥ ነው ያሳለፈው። ከዚያ የጦር ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኖ ዞሮ ዞሮ ጂንካ ቀረ። ለምን ጂንካ ሲሉት፣ «መኪናው እዚህ ተበላሸ» ይላል። ሱቄን ከእሱ ሱቅ ጎን ከፈትኩ፤ እኔ እቀዳለሁ፣ እሱ ይጠግናል። ከዓመት በኋላ እኔም መጠገን ጀመርኩ።

ሁለት ልማድ ነበረው። አንደኛው፣ ዕቃ ሲመጣለት ካቻቪቴ አያነሣም። መጀመሪያ ባለቤቱን ያስቀምጥና «ደህና በነበረ ጊዜ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው «ይጮህ ነበር» ካለ፣ «እንዴት ነበር የሚጮኸው?» ይላል። ደንበኛው እስኪሰለች ድረስ። ሁለተኛው፣ አንዲትን ብሎን ከመንካቱ በፊት በሚስቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ከብሎኗ እስከ ብረቱ ቀጭን መስመር ያሰምርባታል። ቢያዞራት እንኳ የት እንደነበረች እንዲታወቅ ነው። ሚስቱ እትዬ አበበች፣ «ከእኔ ጥፍር ይልቅ የሰው ሬዲዮ አምሮበታል» እያለች ታማርራለች። እኔ ሁለቱንም ልማድ የሽማግሌ ነገር አድርጌ ነው የያዝኳቸው። በአንድ ጠዋት ሦስት ቴፕ ሲጠግን እኔ ስምንት እጠግን ነበር።

ጋሽ ምናሴ ከአስመራ ይዟቸው የመጣ ሰባት የጣሊያን ዘፈን ካሴቶች ነበሩት። ምሳ ሰዓት አንዱን በስፒከር ይለቀዋል። የአርባ ምንጭ ሾፌሮች ቃሉ ሳይገባቸው ወደዱት፤ ቅጂውን እየገዙ በየመኪናቸው ያጫውቱት ጀመር። አንዱ መጥቶ፣

«ጋሽዬ፣ ይሄ ስለ ምንድነው የሚዘፍነው?» ይለዋል።

«ሄደችበት።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛውም ሄደችበት። ይቺ በባቡር ነው።»

እሱ ራሱ ከዘፋኞቹ ይልቅ የዜማ ደራሲዎቹን ነበር የሚያደንቀው። ሽፋኑ ውስጥ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ስም በማጉያ መነጽር ይፈልጋል። ሁለት ዘፋኞች የአንድ ሰው ዜማ እንደዘፈኑ ከደረሰበት ቀኑን ሙሉ ፊቱ ብሩህ ነው።

ኤፊዚዮ የሚባል ጣሊያናዊ ወደ እኛ የመጣው በዚያ ዘፈን ነው። የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ መካኒክ ነበር፤ ዱስ አካባቢ ኦሞ ዳር ላይ ፓምፕ ሲተክል ከርሞ ለመለዋወጫ ጂንካ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ፒክአፑን መሀል መንገድ አቁሞ ገባ።

«ይሄን ማነው የከፈተው?»

ጋሽ ምናሴ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ነኝ። የአገርህ ዘፈን ነው!»

«የአገሬ ነው» አለ ኤፊዚዮ። «የሰፈሬ አይደለም።»

ሰፈሩ ሰርዲኒያ የምትባል ደሴት ናት። የእነዚያ ዘፋኞች ቴሌቪዥን ባሕር ተሻግሮ ደሴቲቱ ደረሰ እንጂ፣ የደሴቲቱ ዘፈን ተሻግሮ አያውቅም አለን። ሱቁ ውስጥ ባትሪ ሊገዛ የቆመ አቶ ጳውሎስ የሚባል ሰው ነበር፤ የአሪ ገበሬ ነው፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ ደግሞም በመንደሩ ቀርከሃ ከሚነፉት ትልቁን ቀርከሃ የሚነፋ። እሱ ሳቀ።

«እኔም አዲስ አበባ ስሄድ እንደዚያ ነው የሚሉኝ» አለ። «ሬዲዮ ይከፍቱና ‹ያገርህ ዘፈን› ይሉኛል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኤፊዚዮ የሰፈሩን አመጣ። አንድ ካሴት ላይ የሸምበቆ ነፋሽ ነበር፤ ሦስት ሸምበቆ ባንድ ላይ ይሰማል፣ አንዴም አይቋረጥም። ሦስት ሰዎች መሰሉኝ። አንድ ሰው ነው አለን፤ ሦስቱንም አፉ ውስጥ ይከታል፣ ጉንጩ ውስጥ አየር አጠራቅሞ እየነፋ ባፍንጫው ይስባል። አቶ ጳውሎስ ሊሞክር ሲል ሳል ያዘው። ውኃ ሰጠነው።

«እኛ ዘንድ ለአንድ ሰው አንድ ቀርከሃ ነው» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «ተራህን ጠብቀህ ትነፋለህ። አንድ ሰው ሁሉንም ከነፋ ሌሎቹ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ይጨፍራሉ» አለ ኤፊዚዮ። መልሱን አቶ ጳውሎስ ወደደው።

ወዳጅነቱ ሁለት ዓመት ቆየ። ከዚያ የኤፊዚዮ ሥራ አለቀ። ሊሄድ አሥር ቀን ሲቀረው አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ያ ቀን ጋሽ ምናሴ ዓይኑን ሊታከም አርባ ምንጭ ሄዷል፤ እኔ ብቻዬን ነኝ።

«የመኪናው ቴፕ በላው» አለኝ። መጀመሪያው ላይ ክሩ ተጨማድዷል፣ ውስጡ የኦሞ አሸዋ ገብቷል። «አጽዳልኝ። ሌላ ምንም የለም። የአባቴ ነው።»

የአባቴ ነው ሲል የአባቴ ንብረት ነው ማለቱ መሰለኝ። አልጠየቅኩም።

ፈታሁት፣ አሸዋውን አራገፍኩ፣ የተጨማደደውን ጣት የሚያህል ቆርጬ ቀጠልኩት። ከዚያ ከፈትኩት። አራት ወንዶች ያለ መሣሪያ ይዘፍናሉ። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ችግሩ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ከጉሮሮው ሥር፣ ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ሰው እንደዚያ አይዘፍንም። ባትሪ ሲደክም፣ ላስቲክ ሲላላ፣ ክር ሲጎተት ግን ድምፅ ልክ እንደዚያ ይሆናል። በሺህ የሚቆጠር ካሴት ሰምቻለሁ፤ የሚጎትት ካሴት አውቃለሁ። ሲቀዳ ጎትቶ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አቶ ጳውሎስ ከባንኮኒው ማዶ ቆሟል። ካቻቪቴ ሳነሣ አየኝ።

«ተወው፤ ደህና ነው» አለኝ። «ያ ታችኛው ነው። እኔ የምነፋው ማለት ነው። ታች የሚሆን ሰው ከሌለ ላይኞቹ መቆሚያ የላቸውም።»

«አቶ ጳውሎስ፣ የቀርከሃውን ነገር ለእርስዎ፣ የቴፑን ነገር ለእኔ» አልኩት። ሌላ ደንበኛ ነበር፤ ሳቀልኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

የቴፑን ሞተር ፍጥነት የምትወስነውን ብሎን ወደ ፈጣኑ አዞርኩ። መስመር አላሰመርኩባትም። ያ የጉሮሮ ድምፅ ወጥቶ የሰው ድምፅ እስኪመስለኝ ድረስ አዞርኩና በባዶ ካሴት ቀዳሁት። እዚህ ላይ አንድ የሠፈራችንን ልማድ ማስረዳት አለብኝ። ጂንካ ውስጥ ደንበኛ «ካሴቴን ለወጥክብኝ» ብሎ የማይጣላበት ሳምንት አልነበረም። ኦርጅናሉን አስቀርተህ ርካሹን ሰጠኸኝ ይላል። አንዳንዱ ካሴቱን በጥርሱ ነክሶ ምልክት አድርጎ ነበር የሚሰጠን። ስለዚህ የታረመውን ድምፅ መልሰን እራሱ ካሴት ላይ እንቀዳለታለን፤ ያመጣትን ይዞ ይሄዳል።

የኤፊዚዮ ካሴት ከጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተሰብረዋል። ያ ማለት ባለቤቱ ማንም እንዳይቀዳበት ዘግቶታል ማለት ነው። ማንኛውም የካሴት ነጋዴ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። ቀዳዳውን በሲጋራ ወረቀት ወትፌ ቀዳሁበት። ከዚያ ብሎኗን በግምት ወደ ቦታዋ መለስኩ። መሸጋገሪያ ያደረግኩት ያ ባዶ ካሴት ላይ ደግሞ በማግስቱ መዝሙር ቀዳሁበት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኤፊዚዮ መጣ። በኩራት ከፈትኩለት።

ትንሽ ሰማና፣ «ይሄ ማነው?» አለ።

«አባትህ ነዋ! ይጎትት ነበር፤ አስተካክዬልሃለሁ።»

«አባቴ አይደለም። ዶሮ ነው።» እንደገና ሰማ። «አራት ዶሮ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊቱን አየሁ። ካሴቱን አውጥቶ ጀርባውን ገለበጠ፤ ወረቀቷን አያት። በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣትና ባንኮኒው ላይ አስቀመጣት። ያ ከጉሮሮ ሥር የሚመጣው ድምፅ አባቱ ነበር። ሞቷል። ሌላ ቅጂ የለም፤ የቀዳው ሰውም የለም። እናቱ ካሴቱን ይዞላት እንዲመጣ እየጠበቀች ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሳይጮህ ነው። የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ቢጮህ እመርጥ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ።

አቶ ጳውሎስ ቅዳሜ ሲመጣ ሰማ። «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። ባትሪውን ገዝቶ ወጣ። ከማለት የባሰ ነው።

ጋሽ ምናሴ እሑድ በአውቶቡስ ገባ፤ አንድ ዓይኑ ታሽጓል። ሁሉንም ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መስመር አድርገህባታል?»

«አላደረግኩም።»

ኮቱን አውልቆ ሰቀለ። «እንግዲያው ድምፁ አልጠፋም፤ ቦታው ነው የጠፋው» አለ። «ያፈጠንከውን ያህል ካዘገየነው ይመለሳል። ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም።»

«ኤፊዚዮ የአባቱን ድምፅ ያውቃል» አልኩ።

«የሞተ አባት ድምፅ በትዝታ ይወፍራል፣ ይቀጥናልም። ሌላ ነገር እንፈልግ።»

ሰኞ ኤፊዚዮን ጠራነው። ጋሽ ምናሴ አስቀመጠውና ያንን የተለመደ ጥያቄውን ሌላ መልክ ሰጠው፤ «በዚህ ካሴት ውስጥ ከሰው ድምፅ ሌላ ምን አለ?»

ኤፊዚዮ አሰበ። «ወንበር። ብርጭቆ። አንዴ ውሻ።» ከዚያ ቀና አለ። «ደወል! የቤተ ክርስቲያኑ ደወል። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ።»

ከፈትነው። ሦስት ጊዜ ይመታል። በእኔ ጥገና የፍየል ቃጭል ሆኗል፤ ግን አለ።

«ደወል ጉንፋን አይዘውም» አለ ጋሽ ምናሴ። «ዛሬም ነገም ያው ነው። ታስታውሰዋለህ?»

«ቤታችን ከሥሩ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ቀስቅሶኛል።»

«ዝፈነው።»

«እኔ አልዘፍንም» አለ ኤፊዚዮ። «እኛ ቤት ሁሉም ይዘፍናል፤ እኔን ዝም በል ይሉኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ተቸገርን። ጋሽ ምናሴ ወደ እኔ ዞረ። «ጳውሎስን ይዘህ ና።»

ሁለት ሰዓት በእግር ሄድኩ። አቶ ጳውሎስን እርሻው ላይ አገኘሁት። ምን ብዬ እንደጀመርኩ ትዝ አይለኝም፤ ብቻ «የቀርከሃውን ነገር ለእርስዎ» ያልኩትን እያስታወስኩ ነው የተናገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ኤፊዚዮ ራሱ ጠራኝ ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ የምለምንዎት።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለ። «እሱ ቢሆን ላንተ ብዬ አልመጣም ነበር።» ይህን አባባል እስከ ዛሬ አልፈታሁትም፤ ቀርከሃዎቹን ግን ይዞ መጣ። ዘጠኝ ናቸው።

ኤፊዚዮ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አቶ ጳውሎስ አንዱን ይነፋል፤ ኤፊዚዮ «ዝቅ» ወይም «ከፍ» ይላል። አምስተኛው ላይ ዞር አለ። «እሱ ነው» አለ። ጋሽ ምናሴ አላመነውም። ማክሰኞ ቅደም ተከተሉን አዘበራርቆ ደገመው፤ ያንኑ ቀርከሃ መረጠ። ረቡዕ ከጎኑ ያለውን መረጠ።

«ከሦስት ሁለት» አለ ጋሽ ምናሴ። «ፍርድ ቤትም ከዚህ በላይ አይጠይቅም።»

አቶ ጳውሎስ ያንን ቀርከሃ ነፋ፤ ደወሉ በካሴቱ ሲመታ እኔ ብሎኗን እያዘገየሁ አዞርኩ። ከቀርከሃው ጋር አንድ እስኪሆን አዞርኩ። ከዚያ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ከፈትነው። አራቱ ዶሮዎች አራት ወንዶች ሆኑ። ያ የጉሮሮ ድምፅ ወደ ታች ወረደና ቦታውን ያዘ። አሁን ሳዳምጠው ሌሎቹ ሦስቱ እላዩ ላይ ቆመዋል። በመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳልሰማሁት አይገባኝም። ኤፊዚዮ ባንኮኒውን ይዞ ቆመ። አቶ ጳውሎስ ግን ወደ ቴፑ ዘንበል ብሎ፣ «ታችኛው» አለ፤ የሚያውቀውን ሰው የሚያስተዋውቅ ይመስል ነበር።

ጋሽ ምናሴ የጥፍር ቀለሙን ሰጠኝ። መስመሩን ራሴ አሰመርኩ። በአዲስ ካሴት ቀዳን፣ ሁለቱን ጥርሶች ኤፊዚዮ በእጁ ሰበራቸው። ዋጋ አልተቀበልኩም ብል ያምርብኝ ነበር፤ የባዶ ካሴቱን ተቀብያለሁ። ኤፊዚዮ አምስተኛውን ቀርከሃ ለምኖ ይዞት ሄደ። አቶ ጳውሎስ ሌላ እስኪቆርጥ ድረስ ጨዋታቸው ጎዶሎ ሆኖ ሰንብቷል፤ ጥፋቱንም ለሰው ሁሉ በእኔ ነበር የሚያሳብበው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ሳይረግብ ሚሞሪ መጣ። ሞባይል ላይ ዘፈን እየጫንኩ ጥቂት ዓመት ኖርኩ። ከዚያ ሁሉም ራሱ መጫን ቻለ። ጋሽ ምናሴ ከዚህ ሁሉ በፊት አርፏል፤ እትዬ አበበች በለቅሶው ላይ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ ተቀመጠች። ሰው አማት። እኔ አላማኋትም።

ከኤፊዚዮ አንድ ደብዳቤ ብቻ ደርሶኛል፤ ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አስጎብኚ ከቱሪስት ተቀብሎ አመጣው። ካሴቱን ይዞ ደወሉ ሥር ሊያመሳክር ቆሞ ነበር፤ ግን ደወሉ ተሰንጥቆ ወርዷል፣ ቤተ ክርስቲያኑ አሁን በስፒከር ነው የሚደውለው። ስለዚህ ትክክል መሆናችንን ማወቅ አልቻለም። እናቱ ግን ሰምታዋለች። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «አባትህን ቀስ በል በለው፤ ጎረቤት ይሰማል» አለችው።

እናቱ አርጅታለች፣ ጆሮዋም ደክሟል ብሎ ጽፏል። እንደ ማስረጃ ብዙ አልመካበትም። ለዚህ ነው ቴፑን ያልሸጥኩት፤ አንድ ቀን «ትንሽ ዝቅ ብሏል» የሚል ሰው ቢመጣ ከየት እንደምንጀምር ይታወቅ ብዬ ነው።

ሱቁን የተከራየው ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ናትናኤል ይባላል፣ ሁለት ልጆች ያሉት ጨዋ ሰው። ቁልፉን ያስረከብኩት ዕለት ቴፑን ሶኬት ላይ ሰክቶ አንድ ካሴት ከተተበት። የእኛው የታወቀ ዘፈን ነው፤ ዘፋኙ እንቅልፉ እንደመጣበት ሆኖ ወጣ። ናትናኤል ገለበጠውና ብሎኗን አገኛት። እጁ ፈጣን ነው፤ ካቻቪቴውን አንሥቷል።

«ፋዘር፣ ይሄ ይጎትታል። ላስተካክልልዎት?»

እጁን ያዝኩት። ከዚያ የደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«መጀመሪያ ጠይቀኝ» አልኩት። «ደህና በነበረ ጊዜ እንዴት ነበር በለኝ።»